ያልጸዳው ስዊች

አያ አለነ አንድን ዕቃ ሁለት ጊዜ ሳይጠይቁ ከቦታው የሚያነሱ ሰው አልነበሩም። የኮሌጁ ሬጅስትራር ቢሮ ሰዎች «እሳቸው ሰላምታም ሁለቴ ነው የሚሰጡት» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። የዚያን ሰኞ ጠዋትም ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኘውን ሣጥን፣ ስዊቹን፣ ደረታቸው ላይ አስደግፈው በሩ ላይ ቆሙ።

«ተሰናድቷል ልጄ?»

«ተሰናድቷል» አለች ረውዳ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል።

«እንግዲህ ወስጄ ልሰካው?»

«ይሰኩት አልኩ እኮ፣ አያ አለነ።»

ቃሉ ጠንከር ብሎ እንደወጣ ለራሷም ተሰማት። ግን የአረፋ ዋዜማ ነው፤ ጾመኛ ናት፤ እናቷ ከማለዳ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ደውለው ለበዓሉ የሚገዛውን ቆጥረውላታል። በዚያ ላይ የተማሪዎች ምዝገባ የሚጀመርበት ቀን ነው፤ በፀዳው ግቢ የተከፈተው አዲስ የኮምፒውተር ክፍል ደግሞ ስዊች የለውም። አዲስ ይገዛ ብላ ከጻፈች አምስት ወር ሆኗታል። መልስ ሲጠፋ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብታ አቧራ የለበሰ አሮጌ ስዊች አወጣች፤ አያ አለነ በጨርቅና በትንሽ ብሩሽ ጠርገው ጠርገው አዲስ አስመሰሉት። በእኛ አገር መቼም የሚጣል ዕቃ የለም፤ አንዱ ቤት ያረጀው ሌላው ቤት ይሾማል።

ውጪውን አያ አለነ ጠረጉ። ውስጡን፣ የቀረበትን የድሮ መረጃ፣ መጥረግ የረውዳ ፋንታ ነበር፤ ሦስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። አልጠረገችውም።

ረውዳ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ናት፤ የአራዳው ጨርቅ ነጋዴ የሐጂ ከማሉዲን ልጅ፣ የኮሌጁ የኔትወርክ ባለሙያ። አባቷ ሱቁን እንድትይዝ ነበር ምኞታቸው። ጠረጴዛ ስር ገብታ ገመድ ስትጎትት አንድ ደንበኛቸው አይቷት ኖሮ፣ «ልጄን ያስተማርኩት ጠረጴዛ ስር ልትገባልኝ ነው?» ብለው ሰንብተዋል። የቡድን መሪ ልትሆን ነው የሚል ወሬ ከኮሌጁ ወጥቶ አራዳ ሲደርስ ግን እኚሁ አባት ለሱቅ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ሲያወሩ ተሰምተዋል። ሹመቱ በኅዳር ይጸድቃል ተብሎ ነበር።

አያ አለነ የኮሶዬ ገበሬ ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት ከአራዳው ግቢ እስከ ፀዳው ግቢ ፋይበር ገመድ ሲቀበር ጉድጓድ ሊቆፍሩ በቀን ሥራ መጡ፤ ጉድጓዱ ተደፈነ፣ እሳቸው ቀሩ። የገመድ ጫፍ ልጦ፣ ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦ በየቀለሙ ደርድሮ ማሰር ከረውዳ ተማሩና በሁለተኛው ወር ከረውዳ በለጡ። የትምህርት ወረቀት ስለሌላቸው በየዓመቱ በሚታደስ ኮንትራት ነበር የሚሠሩት። በዚህ ዓመት ግን ቋሚ ይሆናሉ ተብሎ ደብዳቤያቸው ለፊርማ ቀርቧል፤ ባለቤታቸው ትርንጎም ይህንኑ ሰምተው መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተዋል፤ ከተማ ለመግባትም ተነጋግረዋል። የአያ አለነ ነገር እንግዲህ ያለው እዚያች ፊርማ ላይ ነበር።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱም ግቢ በተማሪ ተሞላ። ከደባርቅ፣ ከጃናሞራ፣ ከጭልጋ የመጡ ልጆች ፌስታልና ሻንጣቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ተሰልፈዋል። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሊሆን ሲል ይሁን ሲያልፍ እንጃ፣ ብቻ ረውዳ ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ቆማ ሳለ የዋናው ስዊች አረንጓዴ መብራቶች አንድ ባንድ ወደ ብርቱካናማ ተለወጡ። መጀመሪያ የመብራት መዋዠቅ መሰላት። ወዲያው የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ፤ ሬጅስትራር ነው። ሳትዘጋው የኪሷ ስልክ ጮኸ፤ ቤተ መጻሕፍት ነው። ቀጥሎ ፋይናንስ፣ ቀጥሎ ዲኑ ራሳቸው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ በሁለቱም ግቢ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ለየብቻው ሆኖ ቀረ፤ አንዱም ከሌላው ጋር አይነጋገርም።

ወደ ፀዳ ደወለች።

«አያ አለነ፣ ምን ነኩ?»

«ምንም ልጄ። አሁን ስዊቹን ሰክቼ መብራቱ እስኪበራ እየጠበቅሁ ነው።»

«ይንቀሉት። አሁኑኑ ይንቀሉት።»

ነቀሉት። ምንም አልተለወጠም።

እዚህ ላይ ነገሩን ለማያውቀው ሰው መንገር ግድ ይላል። የኮሌጁ ገመድ አንድ ነው፤ ስዊቾቹ ግን በዚያ አንድ ገመድ ውስጥ በዓይን የማይታይ ግድግዳ እያቆሙ ክፍል ክፍል ያደርጉታል፤ ሬጅስትራር ለብቻው፣ ፋይናንስ ለብቻው፣ ተማሪ ለብቻው። ባለሙያዎቹ ቪላን ይሉታል። የእነዚህ ክፍሎች ዝርዝር በሁሉም ስዊች ላይ አንድ ዓይነት እንዲሆን ስዊቾቹ ዝርዝሩን እየተቀባበሉ ይገለብጡታል። ዝርዝሩ በተነካ ቁጥር የለውጥ ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል። አዲስ ስዊች ይዞት የመጣው ዝርዝር ከነባሮቹ የበለጠ ቁጥር ካለው፣ የእሱ ይታመናል፣ የነባሮቹ ይሰረዛል። ማን ጻፈው፣ ለምን ጻፈው የሚል ጠያቂ የለም። ብዙ ጊዜ የተሰረዘ የተደለዘ ስለሆነ ብቻ ይከበራል፤ እንዲህ ያለው አከባበር በሰውም ዘንድ አለ።

ያ አሮጌ ስዊች ከሁለት ዓመት በፊት የሥልጠና ዕቃ ነበር። አሠልጣኟም ረውዳ ነበረች። ሃያ ሠልጣኝ አንድ ክረምት ሙሉ ክፍል ሲፈጥርበት ሲሰርዝበት ከረመ፤ ነገሩ እውነተኛ እንዲመስልላቸው ብላም የኮሌጁን መጠሪያ ሰጥታው ነበር። ስለዚህ ነባሮቹ ስዊቾች እንደ ባዕድ አላዩትም።

ረውዳ ላፕቶፗን ከፍታ ዋናውን ስዊች ጠየቀችው። ትናንት የለውጥ ቁጥሩ አርባ ሰባት ነበር። አሁን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ይላል። የሠላሳ አንዱ ክፍል ዝርዝር የለም። በቦታው አንድ ክፍል ብቻ ተቀምጧል፤ ያኔ ለሠልጣኞቹ «ክፍል እንዲህ ይፈጠራል» ብላ ለማሳየት የከፈተችው። ስም ስጪው ሲሏት እየሳቀች የራሷን ስም ነበር የሰጠችው። በኮሌጁ ውስጥ ያለ ስዊች ሁሉ፣ ከአራዳ እስከ ፀዳ፣ አሁን «ረውዳ» ይል ነበር።

የሬጅስትራርን ክፍል ከመመለሷ በፊት፣ የማንንም ክፍል ከመመለሷ በፊት፣ ያንን ስም ሰረዘችው። ለምን መጀመሪያ እሱን እንዳደረገች በኋላ ራሷን ብዙ ጊዜ ጠይቃለች፤ መልሱ ግን አስቸጋሪ አልነበረም።

የዝርዝሩ ቅጂ የነበራት የአምናው ብቻ ነው። ከእሱ ወዲህ የተጨመረውን ከማስታወሻ ደብተሯና ከጭንቅላቷ እየለቀመች አንድ ባንድ መመለስ ነበረባት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ለቀማው ግን አንድ ቀን አልበቃውም። ተማሪዎቹ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመው «ሐሙስ ኑ» ተባሉ። ማደሪያ የሌላቸው በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅና በየዘመዱ ቤት ተበተኑ። አንዲት ከጃናሞራ የመጣች ልጅ የሰርቨር ክፍሉን በር አንኳኩታ፣ «እዚህ ነው አሉኝ፤ እናንተ ናችሁ የምታስተካክሉት?» ብላ ጠየቀቻት። ረውዳ አዎ አለቻት፤ ልጅቱም አመስግናት ሄደች።

የአረፋ ዕለት ሰው ሁሉ ለሶላት ሲወጣ ረውዳ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነበረች። ረፋዱ ላይ አያ አለነ መጡ። ሥራ የለባቸውም፣ ማንም አልጠራቸውም። ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በአንድ እጃቸው የሙዝ ፌስታል ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«እንኳን አደረሰሽ ልጄ። በዓልሽን አጠፋሁብሽ።»

ረውዳ ዞር አለች።

«ሳስበው አደርኩ» አሉ አያ አለነ፤ «በቀኝ ካለችው ቀዳዳ ነው የሰካሁት። ምናልባት የግራዋ ኖራለች። ሁለቴ ብጠይቅም የትኛዋ ብዬ አልጠየቅሁሽም። ይኸ የኔ ጥፋት ነው።»

የምትናገርበት ጊዜ ያ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም፤ አፏም ሊከፈት ምንም አልቀረውም። ከዚያ አባቷ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመው ለጎረቤቱ ሲያወሩ ታዩዋት። «ቀዳዳው አይደለም አያ አለነ፤ አይጨነቁ» አለች። አይጨነቁ የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚነገረው መናገር የሚገባው ሌላ ሲኖር ነው። አያ አለነም ቸርነቷን አመስግነው፣ ሙዙን አስቀምጠውላት፣ ቀኑን ሙሉ መሰላል ተሸክመው ከክፍል ክፍል እየዞሩ የሞተውን ገመድ ሲፈትሹላት ዋሉ። አንድም የሞተ ገመድ አልነበረም።

ሐሙስ ነገሩ ሁሉ ተመለሰ። ዓርብ ደግሞ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ተማሪ ሜዳ ላይ ከዋለ የሚጠየቅ ሰው መገኘት አለበት። ሰብሳቢው የአስተዳደር ምክትሉ አቶ ዳኛው ነበሩ፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ብቻ ነገር እንዲያልቅ የሚወዱ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ጋር የሰው ኃይል ኃላፊዋና አንድ የመምህራን ተወካይ ተቀመጡ። ረውዳ የዚያን ሌሊት ለራሷ ቃል ገባች፤ ሁሉንም እናገራለሁ፣ አንዲት አላስቀርም ብላ።

መጀመሪያ አያ አለነ ተጠየቁ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ «እኔ ነኝ የሰካሁት፤ ስሰካው ጠፋ» አሉ። ከዚህ ሌላ የሚያውቁት አልነበረም።

ከዚያ ረውዳ ተነሣች። እናገራለሁ ያለችውን ሁሉ ተናገረች፤ በዚህ ማንም ሊወቅሳት አይችልም። እንዲህ ነበር ያለችው፦

«የዲቫይሱ የቪቲፒ ሪቪዥን ነምበር ከዶሜይኑ ስለሚበልጥ የቪላን ዳታቤዙ ኦቨርራይት ተደርጓል። ዲቫይሱ ወደ ፕሮዳክሽን ከመግባቱ በፊት ኮንፊገሬሽኑ ኢሬዝ መደረግ ነበረበት፤ አልተደረገም።»

ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። የመምህራን ተወካዩ ብዕሩን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

«በአማርኛ ስናመጣው?» አሉ አቶ ዳኛው።

ረውዳ ወደ ጠረጴዛው አየች። በአማርኛ ስታመጣው ሦስት ቃል ነበር፤ ያላጸዳሁት እኔ ነኝ።

«ማለት... ስዊቹ በነበረበት ሁኔታ መገናኘት አልነበረበትም።»

«ማነው ያገናኘው?»

«አያ አለነ ናቸው። ግን በኔ ትእዛዝ ነው። እኔም ኃላፊነት አለብኝ።»

አቶ ዳኛው ፈገግ አሉ። «አለቃ እንዲህ ነው። የሠራተኛውን ጥፋት አብሮ የሚሸከም አለቃ በዚህ ዘመን የለም» ብለው ወደ ሰው ኃይል ኃላፊዋ ዞሩ። ኃላፊዋም «እውነት ነው» አሉ። አያ አለነ ከጥግ ሆነው ረውዳን በምስጋና ዓይን አዩዋት፤ ያ ዓይን ከተናገሩት ሁሉ ይልቅ ወጋት። ሆኖም ተቀመጠች። ሁሉን ተናግሬያለሁ አለች በልቧ፤ ካልገባቸው እኔ ምን ላድርግ።

ቃለ ጉባኤው በሦስተኛው ቀን ወጣ። «ባለሙያዋ ለሥራ ባልደረባዋ በማዘን ኃላፊነቱን ለመጋራት ብትሞክርም፣ ጉዳቱ የደረሰው ተገቢው ትምህርት በሌለው ሠራተኛ የተሳሳተ ግንኙነት መሆኑ ተረጋግጧል» ይላል። የአያ አለነ ኮንትራት አይታደስም፤ የቋሚ ቅጥሩ ደብዳቤ ተሰርዟል። ለረውዳ ደግሞ በበዓል ቀን ሳትታክት ስለሠራች የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍላት ተብሏል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው፤ እዚህ ቤት ግን አህያዋ ተመስግና ነው ዳውላው የተመታው።

አያ አለነ የመቆንጠጫቸውንና የገመድ መላጫቸውን ሣጥን አስረክበው፣ ሁለቴ አስፈርመው፣ ለሁሉም ሰው ሰላምታ ሰጥተው ወደ ኮሶዬ ወጡ። ረውዳ የዚያን ዕለት ፀዳ ሥራ አለብኝ ብላ ከአራዳ ጠፋች።

ቀጥሎ የመጡት ቀናት መልካም አልነበሩም። የምስጋና ደብዳቤውን አባቷ በመስታወት አስገብተው ሱቃቸው ውስጥ ሰቀሉት። ከሰው ጋር ስታወራ ጨዋታው ይጠፋባታል፤ ስትተኛ ያቺ ስሟ የተጻፈባት መስመር ትታያታለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሐሰት ነው፤ ሰው ካላጠራው እውነት ብቻውን እንደደፈረሰ መክረም ይችላል። ኅዳር ገባ፣ ሹመቱ ጸደቀ። በማግስቱ ቅዳሜ ረውዳ የደባርቅ ሚኒባስ ተሳፍራ ኮሶዬ ወረደች።

ቤቱን ከመንገድ ዳር ምግብ ቤት ጠይቃ አገኘችው፤ ከአስፋልቱ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። አያ አለነ ገብስ ከምረው ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ተገናኙ። ደነገጡም ተደሰቱም። ወይዘሮ ትርንጎ እንግዳዋ እስላም መሆኗን ሲያውቁ ወጥ አላቀረቡም፤ ድንች ቀቅለው በሚጥሚጣ፣ ከጎኑ እርጎ አስቀመጡላት። እኩል አራሹ መሬቱን አልመልስም ብሎ በሽማግሌ እየተነጋገሩ መሆኑን፣ የዘንድሮው ገብስ ሸጋ ቢሆንም ለእነሱ ግማሹ ብቻ እንደሚደርስ አያ አለነ ያለ ምሬት ነገሯት።

«አያ አለነ» አለች ረውዳ፤ «ቀዳዳው ትክክል ነበር።»

«እሱንማ ያን ጊዜም ብለሽኛል።»

«ያልነገርኩዎት አለ። ስዊቾቹ የየክፍሉን ስም የያዘ ዝርዝር አላቸው። እርስዎ የወሰዱት አሮጌ ስዊች ውስጥ እኔ ድሮ ለማስተማሪያ የሞላሁት የማይረባ ዝርዝር ነበረበት። ሳይጠፋ ከተሰካ የሌሎቹን ያጠፋል። ማጥፋት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ሦስት ደቂቃ ነው። አውቅ ነበር፤ ቸኮልኩና ሳላጠፋው ተሰናድቷል አልኩዎት። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው።»

ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ባላቸውን፣ ከዚያ እንግዳዋን አዩ።

«ይኸው ነው?» አሉ አያ አለነ።

«ይኸው ነው።»

«እኔ የጭንቅ ነገር አድርጌው። ይኸማ ለማንም ይገባል። ትርንጎ፣ ገባሽ?»

«ገባኝ እንጂ» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ። «ለእነዚያ ለዳኞቹስ ነግረሻቸዋል ልጄ?»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«እንዲህ አርገሽ?»

ረውዳ ብዙ መልስ ይዛ ነበር የመጣችው። ስብሰባው አጭር ነበር፣ የተከላከልኩላቸው መስሎኝ ነበር፣ የሙያ ነገር በሙያ ቃል ነው የሚነገር። ሁሉንም ተወቻቸው።

«አይደለም» አለች።

«ምነው?»

«እንዳይገባቸው ብዬ ነው።»

አያ አለነ የሚልጡትን ድንች ሰፌዱ ላይ መልሰው አስቀመጡ። አልተቆጡም። ድምፃቸውም ከወትሮው አልጎላም።

«አሁን ገባኝ» አሉ።

ረውዳ ትንሽ ቆይታ ልሂድ አለች፤ ቆዪ ያላት የለም። በዚያ አገር እንግዳ ጠላት እንኳ ቢሆን ቢያንስ እስከ አጥሩ፣ ካልሆነም እስከ አስፋልቱ ይሸኛል፤ ውሻ ይያዝለታል፣ መንገዱ ይመራለታል፣ መኪና እስኪመጣ አብሮት ይቆማል። አያ አለነ ከመደባቸው አልተነሡም። ወይዘሮ ትርንጎ ውሻውን ያዙላት፤ ከበሩ ግን አልወጡም።

ብቻዋን ወረደች። አስፋልቱ ዳር ብርዱ ፊቷን ሲቆነድዳት ስልኳን አውጥታ አቶ ዳኛው ዘንድ ደወለች። ሰላምታ እንኳ ሳታስጨርሳቸው ለእነ አያ አለነ የነገረችውን ያንኑ፣ በዚያው አማርኛ ነገረቻቸው። ነገሩ ግማሽ ደቂቃም አልፈጀ። እንደገባቸው ወዲያው አወቀች፤ ከስልኩ ወዲያ በር ሲዘጉ ተሰማት።

«ይኸን» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ፤ «ይኸን ሌላ ለማን ነግረሻል?»